ቦቢ ፒያኖውን ለምን ተወው?

ጥያቄ፦ ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ። እ.ኤ.አ. በ1970 በወጣው «ፋይቭ ኢዚ ፒሰስ» በተሰኘው የአሜሪካ ፊልም ጃክ ኒኮልሰን የሚተውነው ገጸ ባሕርይ ቦቢ፣ የታመመ አባቱን ሊጠይቅ ወደ ቤተሰቡ ሲመለስ፣ በፒያኖው ልቧ የተነካውን የወንድሙን እጮኛ ካተሪንን ለምን ያሳፍራታል? ችሎታው እያለውስ ለምን የጉልበት ሠራተኛ ሆነ?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ቦቢ ከሙዚቀኛ ቤተሰብ ተወልዶ ገና በልጅነቱ ለፒያኖ የታጨ ሰው ሲሆን፣ በካሊፎርኒያ የነዳጅ ጉድጓዶች የሚሠራው ያንን ሕይወት ሸሽቶ ነው። ዳይሬክተሩ ቦብ ራፈልሰን እርስዎ በጠቀሱት ትዕይንት ላይ አልቸኮለም፤ ቦቢ የሙዚቃ ደራሲውን የሾፐንን ፕሪሉድ (አጭር የፒያኖ ድርሰት) ሲጫወት ካሜራው ከጣቶቹ ተነሥቶ ወደ ካተሪን ፊት፣ ከዚያም በግድግዳው ላይ ወደተሰቀሉት የቤተሰብ ፎቶግራፎች ቀስ ብሎ ያልፋል። እርሱ ግን ቀላሉን መርጦ እንደተጫወተ፣ በስምንት ዓመቱ የተሻለ ይጫወተው እንደነበርና ምንም እንዳልተሰማው ይነግራታል። በእኛ አስተያየት፣ አነጋገሩ ጨዋነት የጎደለው መሆኑ ባይካድም፣ ባልተሰማው ስሜት መመስገንን ጠልቷል። በኋላም መናገር በተሳነው አባቱ ፊት እያለቀሰ፣ ከቦታ ቦታ የሚዘዋወረው የሚፈልገው ነገር ኖሮት ሳይሆን እርሱ በቆየበት ሁሉ ነገሮች ስለሚበላሹ እንደሆነ ይናዘዛል፤ ለሁለተኛው ጥያቄዎ ከዚህ የቀረበ መልስ በፊልሙ ውስጥ የለም።