ሳይረጭ ስለሚተርፈው

ይድረስ በግብርና ኬሚካል ሥራ ለምትሰማሩ ወጣቶች፦

ፀረ-ተባይና ፀረ-አረም ኬሚካሎችን በማስመጣት፣ በማከማቸትና ለገበሬው በማድረስ ከሠላሳ ዓመት በላይ ሠርቼ በጡረታ የተገለልሁ ሰው ነኝና፣ ስለ ሥራው በጎነት ብዙ ልጽፍላችሁ እችል ነበር። ቱ-ፎር-ዲ የተባለው ፀረ-አረም የተረጨበት ማሳ ላይ ሰፋፊ ቅጠል ያለው አረም ጠውልጎ፣ በዘሩ ከሣር ወገን የሆነው ጤፍ ብቻውን ቆሞ ሲቀር አይቻለሁ። ለአረም ስትጎነበስ የምትውል እናት ምን ያህል እንዳረፈች ሳያይ ኬሚካልን በጅምላ ከሚያወግዝ ሰው ጋር አልስማማም። ዛሬ የምጽፍላችሁ ግን ሳይረጭ ስለሚተርፈው ነው።

በወጣትነቴ የአንድ መጋዘን ኃላፊ ሳለሁ፣ ተምች ሊከሰት ይችላል ተብሎ የኬሚካል ፍላጎት እንዳቀርብ ታዘዝሁ። ካነሰ እጠየቃለሁ፣ ከበዛ ግን ማንም አይጠይቀኝም ብዬ ከሚያስፈልገው እጥፍ ጻፍሁ፤ ተምቹም በዚያ ዓመት ሳይመጣ ቀረ። አብዛኛው ኬሚካል ከተመረተ ከሁለት ዓመት በኋላ ጊዜው ያልፍበታል። በርሜሉ ዝጎ ወለሉ ላይ ሲያንጠባጥብና ዘበኛው በዚያ ሽታ ውስጥ ሲያድር፣ እኔ ወደ ሌላ ቦታ ተዛውሬ ነበር። በየዓመቱ ቆጠራ ሲደረግ ንብረቱ «አለ» ተብሎ ይመዘገባል፤ አንድ በርሜል ቢጎድል ኖሮ ስንት ደብዳቤ በተጻፈ!

ስህተቱ የእኔ ብቻ አልነበረም። በአገራችን መጋዘኖች ከተከማቸው ጊዜ ያለፈበት ፀረ-ተባይ ውስጥ 1,500 ቶን ያህሉ፣ በአገር ውስጥ በሚፈለገው ሙቀት የሚያቃጥል ምድጃ ስላልነበረ፣ እንደ አዲስ ታሽጎ በመርከብ እስከ ፊንላንድ ተጉዞ ነው የተቃጠለው። የፀረ-ተባይ ምዝገባና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 674/2002 ያልተመዘገበ ኬሚካል እንዳይገባ ከልክሏል፤ የተመዘገበውም ቢሆን መጋዘን ውስጥ ከከረመ ያው መርዝ ነው።

ገበሬው ግን «መድኃኒት» ይለዋል፤ እኛም ለሽያጭ ስለተመቸን ስሙን አላረምንም። መድኃኒት ደግሞ አይጣልም፤ ትራፊው ከእህል ጎን ይቀመጣል፣ ባዶ ጀሪካኑም ውኃ ይቀዳበታል። ጀሪካኑን ሦስት ጊዜ አለቅልቆ እጣቢውን ወደ መርጫው መጨመር፣ ከዚያም ማንም እንዳይገለገልበት መብሳት እንደሚገባ ለገበሬው በቃል መንገር ብቻ አይበቃም፤ ማሳው ድረስ ወርዳችሁ በእጃችሁ አሳዩት።

ሥራ በጀመራችሁበት ሳምንት ቢሮ ውስጥ አትቀመጡ። ወደ መጋዘኑ የኋላ ጥግ ሂዱና ማንም የማያነሳቸውን ካርቶኖች አገላብጣችሁ የማብቂያ ቀናቸውን መዝግቡ። የሚቀጥለው ዓመት የፍላጎት ቅጽ ሲመጣላችሁ «ካለፈው ዓመት የተረፈ» የሚል ዓምድ ከሌለበት፣ በማስመሪያ ራሳችሁ ጨምሩበት።