መልስ፦ የካናዳ ነባር ሕዝቦች ለምን ፍርድ ቤት አልሄዱም?

«የካናዳ ነባር ሕዝቦች መሬታቸው ሲወሰድ ለምን አልከሰሱም?» ብለህ ጠይቀሃል። ወንድሜ፣ በሩን የዘጋባቸው ሕጉ ራሱ ነው።

ዋናው ሕግ በ1876 (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) የወጣው «ኢንዲያን አክት» ነው። ማን «ኢንዲያን» (ሕጉ ነባሮቹን የሚጠራበት ስም) እንደሆነ የሚወስነው መንግሥት ሆነ። ዲግሪ የያዘ ወይም ጠበቃ የሆነ ሰው በሕግ ፊት ነባርነቱን ሊያጣ ይችል ነበር። ተማርክ ማለት ከወገንህ ወጣህ ማለት ነው! ነባር ያልሆነ ወንድ ያገባች ነባር ሴትም መብቷ ይሰረዝ ነበር። ነባሩ ወንድ ያገባት ነጭ ሴት ግን «ኢንዲያን» ተብላ ትመዘገብ ነበር። ይህ የጋብቻ ደንብ እስከ 1985 ዘልቋል።

እኔን በጣም የሚያመኝ የፖትላች ጉዳይ ነው። ፖትላች በምዕራቡ ጠረፍ ያሉ ሕዝቦች የሚደግሱት ትልቅ ድግስ ነው። እዚያ ስምና ማዕረግ ይተላለፋል፣ ሙታን ይታሰባሉ፣ ደጋሹም ሀብቱን ለእንግዶቹ ያድላል። በ1884 ይህን የሚከለክል ሕግ ወጣ። ቅጣቱ እስር ነበር። በ1921 አንድ ትልቅ ድግስ ላይ የተገኙ ሰዎች ተከሰሱ፤ ጭምብሎቻቸውና ቅርሶቻቸው ተወስደው ለሙዚየሞችና ለሰብሳቢዎች ተበተኑ።

በ1920 ደግሞ መንግሥት የነባሮቹን ልጆች ከቤተሰባቸውና ከባህላቸው ወደሚለያቸው አዳሪ ትምህርት ቤት እንዲገቡ የማስገደድ ሥልጣን በሕግ ተሰጠው።

ወደ ጥያቄህ ልመለስ። በ1927 ያለ መንግሥት ፈቃድ ለመሬት ክስ ገንዘብ ማሰባሰብ ወንጀል ተደረገ። ያለ ገንዘብ ደግሞ ጠበቃ የለም። ይህና የፖትላች ክልከላ የተነሱት በ1951 ነው። ሕጉ ራሱ ግን ብዙ ጊዜ ቢሻሻልም ዛሬም እየሠራ ነው።