ባንዲራ ይዞ የቆመው ልጅ

ይድረስ የርጭት ድሮን ለምታበሩ ወጣቶች፤

በቅርቡ ለድሮን አብራሪዎች በተዘጋጀ ሥልጠና ላይ ስለ ፀረ ተባይ አያያዝ ተናግሬ ስጨርስ፣ አንድ ወጣት ተነሥቶ «የሚረጨው ድሮኑ ነው፤ እኔ ማሳው ዳር ሪሞት ይዤ ነው የምቆመው። ታዲያ ጓንትና ጭንብል ለምን ያስፈልገኛል?» ሲል በትሕትና ጠየቀኝ። መልሱን እዚያው ሰጥቼዋለሁ፤ ሌሊቱን ግን እንቅልፍ አልወሰደኝም።

በ1979 ዓ.ም. በአዋሽ ሸለቆ በሚገኝ አንድ የጥጥ እርሻ ጀማሪ የሰብል ጥበቃ ባለሙያ ነበርሁ። የጥጥ ፍሬ የሚበላው ጓይ ትል ሲነሣ የምንረጨው በአውሮፕላን ሲሆን፣ አብራሪው መስመሩን እንዳይስት በማሳው ጫፍ ነጭ ባንዲራ የሚያውለበልብ ሰው ይቆምለት ነበር። አውሮፕላኑ ወደ ባንዲራው አቅንቶ ይመጣና ከሰውየው አናት በላይ ያልፋል፤ ሰውየውም እርምጃውን ቆጥሮ ወደሚቀጥለው መስመር ይሻገራል። የዚያን ቀን ባንዲራውን የያዘው ከወሎ ለቀን ሥራ የመጣ፣ ዕድሜው ከአሥራ ሰባት የማይበልጥ ልጅ ነበር። ረፋድ ላይ ነፋሱ ዞረ። እስከዚያ ድረስ ወደ ጥጡ ይውለበለብ የነበረው የባንዲራው ጨርቅ ተመልሶ በልጁ ፊት ላይ ሲጠቀለል በዓይኔ አይቻለሁ። ርጭቱን የማስቆም ሥልጣን ነበረኝ፤ ነገር ግን የቀሩት አራት መስመሮች ብቻ ስለነበሩ ዝም አልሁ።

ከቀትር በኋላ ልጁን ላብ አጠመቀው፤ ምራቁ ይዝረከረክ ጀመር፤ የዓይኑ ብሌን እንደ መርፌ ቀዳዳ ጠበበ። «ወተት አምጡለት!» ተባለና እኔው ራሴ፣ ተምሬያለሁ የምለው ሰው፣ ጣሳውን ይዤ አጠጣሁት። ወተት ይህን መርዝ አያረክስም። የራሰውን ሸሚዝ አውልቀን ገላውን በውኃና በሳሙና ማጠብ ሲገባን፣ መርዙ በቆዳው በኩል እየገባ ወተት ስንፈልግ ጊዜ አጠፋን። ጤና ጣቢያ ደርሶ የመርዙ ማርከሻ የሆነውን አትሮፒን ተወግቶ ተረፈ፤ በሳምንቱም ወደ አገሩ ሄደ። እኔም በዕለቱ መዝገብ ላይ «ርጭቱ ያለ ችግር ተጠናቋል» ብዬ በእጄ ጻፍሁ።

የወጣቱ ጥያቄ የቀሰቀሰብኝ ይህንን ነው። ድሮን ሰውን ከማሳው መካከል አውጥቷል፤ ይህ ትልቅ ነገር ነው፣ ደስም ይለኛል። ሆኖም በጀርባ በሚታዘል መርጫ ለአንድ ሄክታር 200 ሊትር ያህል ውኃ የሚፈልገው መድኃኒት፣ በድሮን ሲሆን ብዙውን ጊዜ ከ10 እስከ 20 ሊትር በሚሆን ውኃ ብቻ ይበጠበጣል። ስለዚህ በታንከሩ ውስጥ ያለው ድብልቅ አሥር እጥፍና ከዚያም በላይ የበረታ ነው፤ በቀንም ደጋግማችሁ ትሞሉታላችሁ። ድሮኑ ባትሪ ሊቀየርለት ሲያርፍ ክንዶቹ ገና በመድኃኒቱ እንደረጠቡ ናቸው፤ እናንተም በችኮላ ባዶ እጃችሁን ትሰዳላችሁ፤ በዚያው እጅ ሪሞቱን ይዛችሁ በዚያው እጅ ላባችሁን ትጠርጋላችሁ። ባንዲራ ያዡ ዛሬ ማሳው ዳር፣ መድኃኒቱ ከሚበጠበጥበት በርሜል አጠገብ ቆሟል።

ስለ ፈቃድና ስለ በረራ ከፍታ አልጽፍም፤ ያንን ከእኔ የበለጠ ታውቁታላችሁ። የዛሬ ወጣቶች ካርታ በማንበብ ትበልጡናላችሁ፤ ነገር ግን ዓይናችሁ ከስክሪኑ አይነሣም፣ ቅጠሉ ወዴት እንደሚያዘነብል ቀና ብላችሁ አታዩም እላለሁ። ሆኖም ባንዲራውን እያየሁ ዝም ያልሁት እኔው ነኝና፣ ማየት ብቻውን እንደማይበቃም አውቃለሁ። ነፋስ የለም ብላችሁም አትዘናጉ፤ ጎሕ ሲቀድ የጎጆዎቹ ጭስ ወደ ላይ መውጣት ተስኖት እንደ ነጠላ ተዘርግቶ ከተኛ፣ የምትረጩትም ብናኝ እንዲሁ ተንሳፍፎ ወደ ሰው ደጅና ወደ ንብ ቀፎ ይሄዳልና ፀሐይ አየሩን እስክታነቃንቀው ጠብቁ። ነፋሱ ዞሮባችሁ ሥራ ካቆማችሁ ደግሞ ያቆማችሁበትን ሰዓትና ምክንያት በመዝገባችሁ ላይ እንደሆነው አድርጋችሁ ጻፉ።

የዚያን ወጣት ስም ሳልጠይቀው ተለያየን። ይህን ካነበበ ይጻፍልኝ፤ መድኃኒቱን የሚበጠብጥለት ሰው ማን እንደሆነና ጓንት እንዳለው ማወቅ እፈልጋለሁ።