በሥዕሉ ግርጌ የተጻፈው ዋጋ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ መምህርት። ሐዋሳ ውስጥ የአንድ አማተር የቴአትር ክበብ አባል ነኝ። ለመጪው ክረምት፣ በ17ኛው ክፍለ ዘመን እንግሊዝ ሴቶች ከጻፏቸው አስቂኝ ተውኔቶች አንዱን ቀንጭበን ለማሳየት አስበናል። ችግሩ ያነበብኳቸው ሁሉ በሠርግ ያልቃሉ። አንድ የክበባችን አባል «ወንድ ያሳድዳል፣ ሴት ትሸሻለች፣ በመጨረሻ ይጋባሉ፤ ታዲያ የተነካው ሥርዓት የቱ ነው?» ብሎ ሞገተኝ፤ መልስ አጣሁ። እነዚህ ሴቶች የጾታና የመደብ ሥርዓቱን እውነት ተገዳድረዋል ይላሉ?
ከአቶቴ፣ ሐዋሳ

መልስ፦ ልጄ፣ ጓደኛሽ ድግሱን አይቶ ከድግሱ በፊት የነበረውን ድርድር አላየም። እነዚህ ሴቶች የጻፉት ስለ ድርድሩ ነው።

ከመድረኩ ልነሳ። የአውሮፓውያኑን ዓመታት በእነሱው አቆጣጠር አስቀምጣለሁ። የለንደን ቴአትር ቤቶች በ1642 ተዘግተው፣ ዳግማዊ ቻርልስ በ1660 ወደ ዙፋኑ ሲመለስ ተከፈቱ። ሬስቶሬሽን የሚባለው ይኸው የዘውዱ መመለስ ነው። ከዚያ በፊት የሴት ገጸ ባሕርያትን የሚጫወቱት ለጋ ወንዶች ነበሩ፤ በእኛም አገር ዘመናዊ ቴአትር ሲጀመር ወንዶች ቀሚስ ለብሰው ይጫወቱ እንደነበረው። በ1660 ግን ሴት ራሷ መድረክ ላይ ወጣች። አሥር ዓመት ቆይቶ ደግሞ አፍራ ቤን የመጀመሪያ ተውኔቷን አቀረበች፤ ርዕሱ «የግዳጅ ጋብቻ» ነው።

ቤን በ1666 ንጉሡ ለስለላ ወደ አንትወርፕ ልኳት፣ የድካሟን ዋጋ ሳታገኝ ዕዳ ተሸክማ የተመለሰች ሴት ናት። ከዚያ በብዕሯ ማደር ጀመረች። በዚያ ዘመን የተውኔት ደራሲ የሚያገኘው የሦስተኛውን ምሽት ገቢ ነው። ሥራው በሁለተኛው ምሽት ከወደቀ ደራሲው ባዶ እጁን ይሄዳል። ስለዚህ ቤን ስለ ገንዘብ ስትጽፍ ከሩቅ ሆና አልነበረም።

በ1677 የታየውን «ዘዋሪው» የተባለ ተውኔቷን ውሰጂ። ቦታው ኔፕልስ ነው፤ የካርኒቫል ሰሞን። አንጀሊካ የምትባል ባለዝና ሴተኛ አዳሪ ሥዕሏን ከቤቷ ደጃፍ አሰቅላ ዋጋዋን ታስነግራለች፦ በወር አንድ ሺህ ክራውን። ዊልሞር የተባለው ባዶ ኪስ ወጣት መጥቶ ፍቅርን በገንዘብ መሸጧን ያወግዛል። እሷም መልሳ ትጠይቀዋለች። አንተስ ሴት ለሚስትነት ስትታጭልህ ስለ ውበቷ፣ ስለ አስተዋይነቷ፣ ስለ ጨዋነቷ ትጠይቃለህ? ወይስ ሀብቷ ስንት እንደሆነ ብቻ?

ሐዋሳ ሳስተምር ይህን ትዕይንት ወደ አማርኛ መልሼ ከተማሪዎቼ ጋር ለወላጆች ቀን አዘጋጅተነው ነበር። ለሥዕሉ ነጭ አንሶላ ወጠርን፤ አንዱ ተማሪ በከሰል ፊት ሣለበት። ከግርጌው «በወር አንድ ሺህ» ብላ በቀይ ቀለም የጻፈችው አንጀሊካን የምትጫወተው ልጅ ራሷ ናት። መጋረጃው ሲገለጥ አዳራሹ በሳቅ ተናወጠ። ከፊት ወንበር የተቀመጡ፣ በሰፈራችን ሽምግልና የሚላኩ አንድ አባት እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። ልጅቷ ያንን ጥያቄ ስትጠይቅ ግን ሳቁ ቀጥ አለ። አዛውንቱ ባርኔጣቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡ፤ ጠርዙን በጣታቸው ዞር ዞር ሲያደርጉት አየሁ። ዊልሞር የሚመልሰው «ክፉ ልማድ ነው፤ በእኛ በወንዶቹ ሲሆን አልሟገትለትም፣ በእናንተ ሲሆን እንቀዋለሁ» የሚል ነው። ልጁ ይህን ሲናገር ድምፁ ከሦስተኛው መደዳ አላለፈም። ቤንም ከዚህ የተሻለ መልስ አልሰጠችውም።

በ1686 የታየው «የዕድል አጋጣሚ» ከዚህም ይብሳል። ሌዲ ፉልባንክ የምትወደው ፍቅረኛ እያላት ለአንድ ሽማግሌ ባለገንዘብ ተድራለች። ባልየው ከዚያው ፍቅረኛዋ ጋር ቁማር ተቀምጦ የሚስቱን አንድ ሌሊት በ300 ፓውንድ ያስይዛል፤ ይሸነፋልም። እሷ የምታውቀው ነገር የለም። እውነቱ ሲወጣ የምትቆጣው በሁለቱም ላይ ነው፤ ከባሏ አልጋ ለዘላለም እለያለሁ ብላ ትምላለች። በእንግሊዝ ሕግ ያገባች ሴት ገንዘብ የባሏ ነበር፤ ከዚያ ተነስቶ ሴቲቱን ራሷን ጠረጴዛ ላይ ለማስያዝ አንድ እርምጃ ብቻ እንደሚቀር ቤን በቁማር አሳየች። ይህን ለተማሪዎቼ ሳስረዳ ብዙ አልደከምኩም። በእኛም አገር የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ባልን የቤተሰቡ ራስ ያደርገው ነበር፤ የፌዴራሉ የቤተሰብ ሕግ የተሻሻለው በ1992 ነው።

ስለ መደብ ስትጠይቂ ግን ቀጥ ያለ መልስ የለኝም። ቤን ለንጉሡ ያደረች ናት፤ ነጋዴውን ትሳለቅበታለች፣ የደኸየውን መኳንንት ታባብለዋለች። ሜሪ ፒክስ በ1700 ባቀረበችው ተውኔት ደግሞ፣ ገንዘብ ሞልቶ የተረፋት የነጋዴ መበለት የማዕረግ ስም ካላገኘሁ ብላ ስትንከራተት እናያለን። የማዕረግን ከንቱነት ያየነው በነጋዴ ሴት በኩል ነው፤ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ከሁሉ የሚገርመኝ ግን ቤን በ1678 ታትሞ በወጣው ተውኔቷ ላይ ያሰማችው ብሶት ነው። ሥራው ብልግና ነው ተብሎ የተወገዘው ሴት ስለጻፈችው ነው፤ ወንድ ቢጽፈው ኖሮ ማንም ነገሬ አይለውም ነበር ትላለች። ነቀፋ የሚያመጣባት ሥራው ብቻውን ሳይሆን ደራሲዋ ሴት መሆኗም ነበር።

ጓደኛሽ በአንድ ነገር ልክ ነው። «ዘዋሪው» ሲያልቅ ሄሌና የምትባለው፣ ቤተሰቦቿ ለገዳም ያሰቧት ልጅ ዊልሞርን ታገባለች፤ አንጀሊካ ግን ሽጉጥ ደግናበት፣ መተኮስ አቅቷት ትወጣለች። ለእሷ ሠርግ አልተደገሰም። ይህ ሁልጊዜ ያሳዝነኛል። እናንተ ስታዘጋጁት ይህን አውጥታችሁ እንዳትጥሉት እለምንሻለሁ፤ ሲያዩት የማይመች ቢሆንም ይቆይ።

ሦስት ትዕይንት ይበቃችኋል፦ ሥዕሉ፣ ጥያቄው፣ ሽጉጡ። ጊዜ ካላችሁ ሄሌና የወንድ ልብስ ለብሳ የምትመጣበትን ጨምሩ። ሱሪውን ከመጀመሪያው ልምምድ ቀን ጀምሮ ትልበሰው። የእኔዋ ሄሌና የወንድሟን ሱሪ በገመድ አጥብቃ በመጣች በመጀመሪያው ቀን ግድግዳ ግድግዳውን ስትሄድ ነበር፤ በሦስተኛው ሳምንት መሀል መድረክ ላይ ቆማ እጇን ኪሷ ከታ ተናገረች። ይህን ማንም አላስተማራትም።