በጎፈንድሚ የሰጠሁት ገንዘብ ይመለስልኛል?

ጥያቄ፦ የምኖረው ሜሪላንድ ነው። አዲስ አበባ ላለ የኩላሊት ሕመምተኛ ማሳከሚያ ተብሎ በተከፈተ ጎፈንድሚ (የኢንተርኔት መዋጮ ማሰባሰቢያ) 300 ዶላር ሰጠሁ። አሰባሳቢው «ቶሎ እንዲደርስ» ሲለኝ ደግሞ 200 ዶላር በዜል (ከባንክ ወደ ባንክ ገንዘብ መላኪያ) ላክሁለት። በኋላ ፎቶው የሌላ ሰው መሆኑን ደረስንበት። ሰውየው ቨርጂኒያ ነው፤ ስልክ አያነሳም። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ እህቴ፣ ገንዘቡ በሁለት መንገድ ስለሄደ መልሱም ሁለት ነው።

የ300 ዶላሩ ነገር ተስፋ አለው። ጎፈንድሚ ለለጋሾች ዋስትና ይሰጣል፤ ማጭበርበሩ ከተረጋገጠ ይመልሳል። ማመልከት የሚቻለው ግን ገንዘቡን ከሰጡ በአንድ ዓመት ውስጥ ስለሆነ ዛሬ ነገ አይበሉ። እ.ኤ.አ. በ2017 የኒው ጀርሲ ጥንዶች ፊላደልፊያ ጎዳና ላይ ለወደቀ የቀድሞ ወታደር ብለው ከ400 ሺህ ዶላር በላይ ሰብስበው ነበር። ታሪኩ ፈጠራ ሆኖ ሲገኝ ድርጅቱ ለለጋሾቹ መልሷል። ዋናው አቀናባሪም ዘብጥያ ወርዷል።

የዜሉ ይከብዳል። የአሜሪካ ሕግ ባንክን እንዲተካ የሚያስገድደው በዋናነት ሳያውቁ ለተወሰደ ገንዘብ ነው። እርስዎ ግን በገዛ እጅዎ ልከዋል። ቢሆንም ለባንክዎ ያሳውቁ። ካልሆነ ሰውየውን በሚኖርበት ቨርጂኒያ፣ በአነስተኛ ክርክሮች ችሎት መክሰስ ይቻላል። እስከ 5,000 ዶላር የሚደርስ ክርክር ያያል። እዚያ ጠበቃ ይዞ መቅረብ አይፈቀድም። እኔን እንጀራ ያሳጣኛል እንጂ ለእርስዎ ወጪ ቀነሰ።

ከወንጀል አንጻር ዋናው ጥያቄ የማታለል ሐሳብ ነበረው ወይ የሚለው ነው። ሕመምተኛው በእርግጥ ኖሮ አሰባሳቢው ባገኘው ፎቶ ተጠቅሞ ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው። ስለዚህ ለማን፣ በየትኛው ሆስፒታል፣ መቼ እንደተከፈለ በጽሑፍ ይጠይቁት። ዝም ቢል ዝምታውም ይጠቅምዎታል። በስቴቶች መካከል በኢንተርኔት የተፈጸመ ማጭበርበር በፌዴራል ሕግ እስከ 20 ዓመት ያስቀጣል። አቤቱታውን ለኤፍቢአይ የኢንተርኔት ወንጀል ክፍልና ለቨርጂኒያ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ያቅርቡ። አዲስ አበባ ሆኖ አብሮ ያታለለ ካለም አልተረሳም፤ የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 አንቀጽ 10 እስከ አምስት ዓመት ጽኑ እስራት ይደነግጋል።

«ለ500 ዶላር ብዬ ከአገሬ ልጅ ጋር ልካሰስ?» የሚል ይሉኝታ እንደሚይዝዎት ይገባኛል። ሌሎቹም ለጋሾች እንዲሁ እያሰቡ ይሆናል። ይፈልጓቸው፤ አቤቱታ ሲበዛ መርማሪ ቶሎ ይነሳል።

ፌስቡክ ላይ «ሌባ» ብለው ለመለጠፍ ግን አይቸኩሉ። ሰውየው ከነቃ ገጹን ያጠፋዋል፤ ካልተረጋገጠም የስም ማጥፋት ክስ ለእርስዎ ይተርፋል። መጀመሪያ ገጹን፣ ፎቶውን፣ የቴክስት ልውውጡንና የዜል ደረሰኙን ቀኑ እየታየ ስክሪንሾት አድርገው ያስቀምጡ።