ከታች ሱቅ፣ ከላይ መኖሪያ፦ በከተማው ዳር ስለሚሠሩ ጂ+3 እና ጂ+4 ሕንፃዎች ጥያቄና መልስ

የዛሬው መልስ ሰጪ በቡድናችን «ሴክሽን» በሚል ስም የምታውቁት አርክቴክት ነው። ርዕሱ ከለገጣፎ እስከ ቱሉ ዲምቱ፣ ከፉሪ እስከ ኮዬ ፈጬ በየመንገዱ ዳር የሚቆመው ምድሩ ሱቅ፣ ላዩ መኖሪያ የሆነ ሕንፃ ነው። ሊዝ፣ ካርታና ሽያጭ የዛሬ ጉዳይ አይደሉም።

ሴክሽን፦ ሁለት ነገር ላስቀድም። የቦታው ስፋት፣ የአፈሩ ዓይነትና የፎቁ ብዛት ያልተጻፈበትን ጥያቄ አልፈዋለሁ። ደግሞ ፕላን ብቻ አይታችሁ አትፈርሙ፤ ሕንፃውን ከጣሪያ እስከ መሠረት ሰንጥቆ የሚያሳየው ሴክሽን ይሳልላችሁ። የእንደዚህ ዓይነት ሕንፃ ጣጣ የሚወጣው ሱቁና መኖሪያው የሚገናኙበት ወለል ላይ ነው።

ባለ 250፦ ሰላም አርክቴክት። 250 ካሬ፣ ኮዬ ፈጬ፣ ጥቁር አፈር፣ ጂ+4። ምድሩ 4 ሜትር ከፍታ ያለው ሱቅ ነው፤ ከላይ ያሉት ወለሎች 3፣ 3 ሜትር ናቸው። ደረጃው ከላይ ልክ ይመጣል፣ ከታች ግን ፎርማኑ «ቦታው አይበቃም» አለኝ። ማንን ልመን?

ሴክሽን፦ ፎርማኑን። ሒሳቡን እየው። 3 ሜትር ለ18 እርከን ሲካፈል አንዱ 16.7 ሳንቲም ይሆናል። በሁለት ፍላይት (ሳይቋረጥ የሚወጣ የደረጃ ክፍል) ሲከፈል ለየፍላይቱ 9 እርከን፣ 8 መርገጫ ይደርሰዋል፣ የመጨረሻው እርከን የሚያርፈው ላንዲንጉ (የደረጃው መዞሪያ ወለል) ላይ ነውና፤ መርገጫው 30 ሳንቲም ከሆነ ርዝመቱ 2.40 ሜትር ነው። ምድሩ 4 ሜትር ሲሆን ግን 24 እርከን ይፈልጋል፦ በየፍላይቱ 12 እርከን፣ 11 መርገጫ፣ 3.30 ሜትር። 90 ሳንቲም ጎደለህ ማለት ነው።

ይሄ ሳይታይ ካለፈ ሳይት ላይ የሚደረገው ይታወቃል። 4 ሜትሩን እዚያው 18 እርከን ውስጥ ያጭቁትና እያንዳንዱ እርከን 22 ሳንቲም ይሆናል። ውሃ በጠፋ ቀን 20 ሊትር ጀሪካን ይዞ የሚወጣ ሰው የሚሰናከለው እዚያ ነው፤ ከላይ 16.7 የለመደ እግር ታች ሲደርስ 22 ይጠብቀዋል።

መውጫው ሦስት ነው። አንደኛ፣ የደረጃ ቤቱን በምድሩ ልክ በ3.30 ንደፈው፤ ከላይ የሚተርፈው 90 ሳንቲም ወደ ላንዲንግ ይግባ። ሁለተኛ፣ ምድሩን በሦስት ፍላይት፣ 8፣ 8፣ 8 አድርገህ ክፈለው፤ ፍላይቱ 2.10 ብቻ ስለሚሆን ይገባል። ግን ሦስተኛው ፍላይት የሚያልቀው መጀመሪያው ከተነሳበት በተቃራኒው ጫፍ ስለሆነ የነዋሪው መግቢያ ከየትኛው ጫፍ እንደሚሆን ቀድመህ ወስን። ሦስተኛ፣ እኔ የምመርጠው፦ ከነዋሪዎች በር ወደ ደረጃው በሚወስደው ኮሪደር ውስጥ 6 እርከን አስቀምጥ። 1 ሜትር ትወጣና ከዚያ ቀሪው 3 ሜትር እንደ ላዩ ወለል ይሄዳል። ኮሪደሩ ግን 1.50 ሜትር ያህል ለእርከኖቹ ይሰጣል፣ ከበሩ ኋላም መቆሚያ ይፈልጋል።

የፍላይቱ ወርድ የእጅ መደገፊያው ሳይቆጠር 1.20 ይሁን፣ ላንዲንጉም ከዚያ አይነስ። ሶፋም ሬሳ ሳጥንም የሚዞረው እዚያ ነው። ይሄ ሁሉ ፕላን ላይ አይታይም፤ ሴክሽን ላይ በአምስት ደቂቃ ይታያል።

ቆጣቢው፦ ጂ+4 ባሁኑ ዋጋ ስንት ይፈጃል?

ሴክሽን፦ አላውቅም። የሥራ ዝርዝርና መጠን ይሠራልህ፣ ከዚያ ሒሳቡን ታየዋለህ።

የለገጣፎ ሰው፦ ከሱቆቹ ጀርባ መኪና ላቆም ነው፣ ቦታው 400 ካሬ፣ ቀይ አፈር፣ ጂ+4። ኮለኖቹን በስንት ሜትር ላድርግ?

ሴክሽን፦ አንድ መኪና 2.50 በ5 ሜትር ይዟል። በሁለት ኮለን መሀል ሦስት መኪና ከፈለግህ 7.50 ንጹሕ ቦታ ያስፈልጋል፤ ኮለኑ ሲጨመር 8 ሜትር ገደማ አክስስ (ከኮለን መሀል እስከ ኮለን መሀል)። 8 ሜትር ደግሞ ለሁለት ሱቅ 4፣ 4 ሜትር ፊት ይሰጣል፣ ከላይ ለሁለት ክፍልም ይበቃል። ዕዳው ቢሙ (ኮለኖቹን የሚያያዘው አግድም አርማታ) ላይ ነው፦ በ8 ሜትር ቢሙ ከ60 ሳንቲም በላይ ሊወርድ ስለሚችል 4 ሜትር ከፍታ ያለው ሱቅ ከቢሙ ሥር 3.40 አካባቢ ይሆናል። የሱቁን ቆጥ ያሰብክ ከሆነ እሱን ቀንሰህ አስብ።

አዲስ ጀማሪ፦ መሠረት ስንት ሜትር ይቆፈር?

ሴክሽን፦ የት? ምን አፈር? ስንት ፎቅ?

አዲስ ጀማሪ፦ ዝም ብሎ በአማካይ።

ሴክሽን፦ አማካይ መሠረት የለም። የአፈር ምርመራ አሠራ።

ወይዘሮ ሰፈራችን፦ እኔ ቱሉ ዲምቱ ነኝ፣ 200 ካሬ፣ ጥቁር አፈር፣ ጂ+3። ጎረቤቶቼ ሱቃቸው ወለሉ ተነስቶ በሩ አልዘጋ ብሏቸዋል። ኮለኑ ግን ደህና ነው። ምንድነው ነገሩ?

ሴክሽን፦ እንዲህ ነው የሚጠየቀው። እናቴ፣ ጥቁሩ አፈር ክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፣ በጋ ደርቆ ይሰነጠቃል። ኮለኑ ጠለቅ ብሎ የጸና መሬት ላይ ስላረፈ አይነቃነቅም። የሱቁ ወለል ግን ቀላል ነው፣ ከሥሩ ጥቁሩ አፈር ሳይወጣ ከቀረ ይነሳል፤ በሩም ግድግዳውም አብሮ ይሄዳል። ስለዚህ የአፈር ምርመራው ባዘዘው ጥልቀት ጥቁሩ ወጥቶ ሰሌክት ማቴሪያል (የማያብጥ የተመረጠ ሙሌት) በየንብርብሩ እየተጠቀጠቀ ይሞላ። 20፣ 20 ሳንቲም እያደረጉ ነው፣ አንድ ሜትር ገልብጦ ከላይ መርገጥ ሥራ አይደለም። ግሬድ ቢሙ (ኮለኖቹን መሬት ላይ የሚያያዘው ቢም) ሥርም አፈር ተጠቅጥቆ አይጠጋ፤ ሲያብጥ ቢሙን ወደ ላይ ይገፋዋል።

ቀጥሎ ውሃውን ያርቁ። በሕንፃው ዙሪያ ቢያንስ 1 ሜትር ወደ ውጭ ያዘነበለ ኮንክሪት ይሠራ፣ የአሸንዳው ቱቦ ግድግዳ ሥር አይትፋ። ኮለን ሥር የተተከለ ዛፍም አፈሩን ባንድ በኩል ያደርቀዋል። ጎረቤቶችዎ የፍሳሽ ጉድጓዳቸውን የት እንደቆፈሩት ቢጠይቋቸው ምክንያቱ ሳይገኝ አይቀርም።

ባለ ቦቴ፦ ስለ ፍሳሹ ይቀጥሉልን እንጂ። ጥቁር አፈር ላይ ማስረጊያ ጉድጓድ ይሠራል አይደል?

ሴክሽን፦ ይቆፈራል፤ መሥራቱን እንጃ። ሸክላማ አፈር ውሃ አያሰርግም። ጂ+4፣ በየወለሉ 3 ቤት፣ 12 ቤት። በቤት 4 ሰው፣ 48 ሰው። ለሰው በቀን 80 ሊትር ብትይዝ 3.8 ሜትር ኩብ ያህል ፍሳሽ በየቀኑ ይወርዳል። በክረምት ያ ጉድጓድ ሞልቶ ወደ ሱቁ ይመለሳል። የከተማው መስመር ካልደረሰ ሴፕቲኩን (የፍሳሽ ታንከሩን) ከነማከማቻው ውሃ የማያስገባ አድርጋችሁ ሥሩና መምጠጫ መኪናው አጠገቡ የሚቆምበት ቦታ ተዉ። ጓሮ ቀብራችሁ ከፊት ሱቅ ከደረደራችሁ መኪናው በየት ይግባ? ጥልቀቱንም አታብዙ። በእኛ ከፍታ የአየሩ ግፊት ዝቅ ያለ ስለሆነ ማንኛውም መምጠጫ በሒሳብ ደረጃ እንኳ ከ8 ሜትር ካነሰ ጥልቀት ነው የሚስበው፤ በተግባር 4 እና 5 ሜትር ላይ ይደክማል። ይሄ ለውሃ ፓምፕም ይሠራል፦ የምድር ታንከራችሁ ጥልቅ ከሆነ ፓምፑን ከላይ አታስቀምጡት።

ባለ 250፦ የውሃ ታንከሩ ስንት ይሁን ታዲያ?

ሴክሽን፦ ሒሳቡ ከላይ አለ። በሰፈራችሁ ውሃ ለስንት ቀን እንደሚጠፋ አባዛው። ሦስት ቀን ከሆነ 11 እስከ 12 ሜትር ኩብ ምድር ላይ፣ የአንድ ቀን ፍጆታ ጣሪያ ላይ። ጣሪያ ላይ የሚወጣው 4 ቶን ነው፤ ሮቶዎቹን ኮለንና ቢም ላይ አሳርፋቸው፣ የሶሌታ (የአርማታው ወለል) መሀል ላይ አታከማች።

የሰሚት ልጅ፦ ኦፕን ኪችን ላይ ምን ይላሉ?

ሴክሽን፦ ቁሌት በሚቁላላበት ቤት አልመክርም።

የሰሚት ልጅ፦ ዘመኑ እኮ ነው። ተከራዩም እሱን ነው የሚጠይቀው።

ጓዳ፦ ተከራዩ ከመግባቱ በፊት ነዋ የሚጠይቀው! የበርበሬ ሽታ መጋረጃና ሶፋ ውስጥ ከገባ በኋላ ደግሞ «በር ይሠራልኝ» ይላል።

የሰሚት ልጅ፦ ሁድ (ከምድጃው በላይ ያለ እንፋሎት መምጠጫ) ይገጠማል።

ጓዳ፦ የምጣዱን እንፋሎት ሁድ ጨርሶት አያውቅም።

ቆጣቢው፦ እንጀራ የሚጋግር አለ እንዴ አሁን? ሁሉም ከሱቅ ነው የሚገዛው።

ጓዳ፦ ያንተ ቤት ይሆናል።

ሴክሽን፦ ለጭቅጭቃችሁ መፍትሔው ተንሸራታች በር ነው፤ 1.60 ክፍት፣ ሲፈለግ ዝግ። ሁድ የምትገጥሙ ከሆነ ቱቦው ወደ ውጭ ይውጣ። አየሩን አጣርቶ እዚያው የሚመልሰው እንፋሎት አያስወጣም። ከዚህ የሚበልጠውን ማንም አልጠየቀም፦ ምጣዱ ከ3.5 እስከ 4 ኪሎ ዋት ይስባል። ለብቻው መስመር፣ ለብቻው ብሬከር ይሰጠው። በበዓል ዋዜማ 12ቱም ቤት ምጣድ ቢለኩስ 45 ኪሎ ዋት ገደማ ነው፤ ዋናው ገመድና የኃይል ጥያቄው በዚያ ይታሰብ። የሱቆቹ ቆጣሪም ከነዋሪው ይለይ። በረንዳ ላይ ከሰል የሚያነዱም ስላሉ በረንዳውን በመስታወት አትድፈኑት፣ ጭሱ ይገድላል።

አናጺው፦ መታጠቢያ ቤቱ ከታች ካለው ሱቅ ግድግዳ ጋር አልገጠመም፣ ቱቦው ሱቁ መሀል ላይ ነው የሚወርደው። 300 ካሬ፣ ፉሪ፣ ቀይ አፈር፣ ጂ+3። ቢሙን በስተን ብናሳልፈው ምን አለ?

ሴክሽን፦ አይነካም! ከፌሮው ጋር ተጫውተህ አራት ቤተሰብ ከላይ ታስቀምጣለህ?

ቱቦው በኮርኒስ ውስጥ አግድም ይሂድ። 110 ሚሊ ቱቦ በ2 በመቶ ተዳፋት ለ6 ሜትር 12 ሳንቲም ይወርዳል። ክርኑና ማንጠልጠያው ሲጨመር ከቢሙ ሥር 30 ሳንቲም ያህል ይበላል፣ ስለዚህ የሱቁ ኮርኒስ ዝቅ ይላል። ሁለት 45 ዲግሪ ክርን ተጠቀም፣ አንድ 90 አታድርግ፤ የሚደፈነው እዚያ ነው። መዞሪያው ላይ መጥረጊያ ክዳን ይኑረው፣ ኮርኒሱም እዚያ ጋ የሚከፈት ይሁን። ባለሱቁ ጂፕሰም ለጥፎ ሲደፍነው በኋላ የሚፈርሰው ያ ጂፕሰም ነው።

አንድ ደግሞ ሁሉም የሚረሳው፦ የሱቁ ሽንት ቤት ከላይ በሚወርደው ቁም ቱቦ ላይ አይቀጠል። ራሱን ችሎ ማንሆል ይግባ። ቁም ቱቦው ታች ሲደፈን የፎቁ ሁሉ ፍሳሽ ዝቅተኛውን መውጫ ፈልጎ ነው የሚወጣው፣ እሱም የባለሱቁ መቀመጫ ነው። ሲጀመር ወጥ ቤትና መታጠቢያ በአንድ ዳክት (ቱቦዎች የሚወርዱበት ክፍተት) ዙሪያ ተደርድረው ከሱቅ ማካፈያ ግድግዳ ጋር ቢገጥሙ ይሄ ሁሉ አይመጣም። ሴክሽን!

ባለ በረንዳ፦ ከአንደኛ ወለል ጀምሮ በአራቱም በኩል 1.50 ወደ ውጭ ላወጣው ነው፣ ካሬ ለመጨመር። 200 ካሬ፣ ሰበታ መውጫ፣ ጥቁር አፈር፣ ጂ+4። ጫፉ ላይ የብሎኬት ግድግዳ ይቆማል።

ሴክሽን፦ በረንዳ ከሆነ እሺ። የብሎኬት ግድግዳ በየወለሉ ጫፉ ላይ ሲደረብ ግን ሌላ ክብደት ነው፤ ጊዜ ሲያልፍ ጫፉ ዝቅ ይልና ግድግዳው በሰያፍ ይሰነጠቃል። አንድ ወይም ሁለት ጎን ምረጥ፣ 1.20 ይብቃህ፣ ስትራክቸራል መሐንዲሱ ሳይፈርም አትጀምር።

ሌላም አለ። ላይ ያለው በብሎኬት ተሞልቶ ግትር ነው፣ ምድሩ ለመስታወት ተብሎ ባዶ ኮለን ብቻ ነው። መሬት ሲንቀጠቀጥ መታጠፉ ሁሉ ምድሩ ላይ ይሰበሰባል። በ2017 ከአዋሽ ፈንታሌ በኩል የተነሳው እዚህ ድረስ ተሰምቷል፣ ረሳችሁት? የደረጃ ቤቱን የአርማታ ግድግዳ አንድ ጥግ ላይ ብቻ ብታስቀምጠው ደግሞ ሕንፃው ይጠመዘዛል፤ በሌላው ጫፍ ሚዛን የሚሰጠው ግድግዳ ይኑር።

አዲስ ጀማሪ፦ ለጂ+2 ከሆነስ መሠረቱ ስንት ይቆፈር?

ሴክሽን፦ ከላይ ተመልሷል።

ባለ ወፍጮ፦ ምድሩን ለወፍጮ ቤት ባከራየውስ?

ሴክሽን፦ ሰው በሚያድርበት ሕንፃ ሥር? አይሆንም። ንዝረቱ በኮለን ይወጣል።

ወይዘሮ ሰፈራችን፦ በግ የሚታረድበት፣ ድንኳን የሚጣልበት ቦታስ? ኮንዶሚኒየም ሳይቶች ላይ የጋራ መጠቀሚያ ቤት አለ፣ የግል ሕንፃ ላይ ግን ማንም አያስብም።

ቆጣቢው፦ ያ ቦታ ሱቅ ቢሆን በወር ኪራይ ያመጣል።

ወይዘሮ ሰፈራችን፦ ለቅሶ ሲመጣ ሱቅ ውስጥ ትቀመጣለህ?

ሴክሽን፦ እናታችን ልክ ናቸው። ጓሮ ላይ 4 በ6 ሜትር ጣሪያ ያለው፣ የውሃ ቧንቧና ተዳፋት ያለው ወለል ይበቃል። ፍሳሹ በስብ መያዣ ሳጥን ይለፍ፣ ፀጉርና ስብ ቀጥታ ሴፕቲክ አይግባ። ሌላ ቀን ልብስ ይታጠብበታል።

ባለ ኢጋ፦ የመጨረሻ። ፓራፔት (በጣሪያው ዙሪያ የሚነሳ አጭር ግድግዳ) ያለው ጣሪያ፣ ውስጡ የተደበቀ የኮንክሪት አሸንዳ። አያት፣ 200 ካሬ፣ ቀይ አፈር፣ ጂ+3። በረዶ በጣለ ቁጥር ላይኛው ቤት ውሃ ይገባል።

ሴክሽን፦ መውጫ ቀዳዳው አንድ ብቻ ነው፣ አይደል? በረዶው ይደፍነዋል፣ ውሃው አሸንዳውን ሞልቶ በቆርቆሮው ሥር ይገባል። ሁለት መውጫ አድርግ፣ በተለያየ ጫፍ፣ 110 ሚሊ። ከዚያ ፓራፔቱን ብሳና ከቆርቆሮው ጫፍ 5 ሳንቲም ዝቅ ብሎ ወደ ውጭ የሚተፋ ቱቦ ቅበር፤ መውጫዎቹ ሲደፈኑ ውሃው በእሱ ይወጣል፣ አንተም ከመንገድ ሆነህ ስታየው ጣሪያው መጠረግ እንዳለበት ታውቃለህ። አሸንዳው ውስጥ የሚቀባው ውሃ መከላከያ በግድግዳው ላይ 20 ሳንቲም ይውጣ። ቆርቆሮው አሸንዳው ውስጥ ቢያንስ 10 ሳንቲም ይግባ፤ አሁን ምን ያህል እንደገባ ወጥተህ ለካና ጻፍልኝ።