ኮንትራስት የማይወስድ የአንጎል ዕጢ፦ የባዮፕሲው መርፌ የት ይግባ?

ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። ጥያቄዎን ላልተከታተሉ ባጭሩ ልድገመው፦ የ41 ዓመት ሰው፣ በቅርቡ የሚጥል በሽታ የጀመረው፣ ግራ ፍሮንታል ሎብ ላይ በኤምአርአይ ፍሌየር (የአንጎል ፈሳሽን አጥቁሮ ዕጢንና እብጠትን የሚያነጣ ምስል) ነጭ ሆኖ የሚታይ፣ ኮንትራስት (በደም ሥር የሚሰጥ ምስል አጉሊ መድኃኒት) ግን ጨርሶ የማይወስድ ዕጢ። ፐርፊዥን (የደም መጠንን በቀለም የሚያሳይ ካርታ) ላይ የኋለኛው ክፍል ቀልቷል፤ ማለትም ደም በዝቶበታል። ቀዶ ሐኪሙ «ዝቅተኛ ግሬድ ነው? ናሙናውንስ ከየት ልውሰድ?» ብሎ ጠይቋል፤ ግሬድ የዕጢው የክፋት ደረጃ ነው፣ ከ1 እስከ 4።

ኮንትራስት አልወሰደም ማለት ዝቅተኛ ግሬድ ነው ማለት አይደለም። ጋዶሊኒየም (ኮንትራስቱ) የሚያሳየን የደምና የአንጎል አጥር የተሰበረበትን ቦታ ብቻ ነው። ግሬድ 3 ሆነው የማያበሩ ግሊዮማዎች (ከአንጎል ደጋፊ ሕዋሳት የሚነሱ ዕጢዎች) አሉ፤ ፓይሎሲቲክ አስትሮሳይቶማ ደግሞ ግሬድ 1 ሆኖ ቦግ ብሎ ያበራል። አንዱ ዕጢ ውስጥ የረጋና የከፋ ክፍል ጎን ለጎን ስለሚገኙ፣ መርፌው የረጋውን ከያዘ ታካሚው ከሚገባው ያነሰ ሕክምና ያገኛል። ስለዚህ የምንፈልገው የከፋውን ቦታ ነው።

ለዚህ ከሁሉም በላይ የሚረዳው ፐርፊዥን ነው፤ ግን በአግባቡ ከተነሳ ብቻ። ከ18 እስከ 20 ጌጅ ካኑላ ቀኝ ክርን ላይ ይግባ። መጠኑ 0.1 ሚሊሞል በኪሎ ነው፤ ለተለመዱት 0.5 ሚሊሞል በሚሊሊትር ለሆኑት መድኃኒቶች 70 ኪሎ ለሚመዝን ሰው 14 ሚሊሊትር ይሆናል። በኢንጀክተር በሰከንድ ከ4 እስከ 5 ሚሊሊትር፣ ተከትሎ ከ20 እስከ 30 ሚሊሊትር ሰላይን በዚያው ፍጥነት። ቲአር (በተከታታይ ምስሎች መካከል ያለው ጊዜ) ከ1.5 ሰከንድ አይብለጥ፣ መድኃኒቱ ከመግባቱ በፊት ቢያንስ 10 ምስል ይነሳ፣ ጠቅላላው 2 ደቂቃ ገደማ ይቆይ። በእጅ በሲሪንጅ ከተገፋ ግን መድኃኒቱ ተበታትኖ ስለሚደርስ ከርቩ (ሲግናሉ በጊዜ ሂደት የሚሠራው መስመር) ሰፍቶ ይለጠጣል፤ ከእንዲህ ያለ ካርታ ላይ ቁጥር አይጻፍ።

ስለዚህ ከቀለሙ በፊት ከርቩን ይዩ። ሲግናሉ ሹል ብሎ ወርዶ ወደ መነሻው ሊጠጋ ይገባል። ከርቩ ደህና ከሆነ በጣም ትኩስ በሆነው ቦታ ላይ ሦስት አራት ትናንሽ ክቦች ያስቀምጡና ትልቁን በተቃራኒው ወገን ባለው ጤናማ ነጭ አካል ያካፍሉ። የዕጢውን ሁሉ አማካይ መውሰድ ትኩሱን ነጥብ ይቀብረዋል። 2003 ላይ ከታተመ ጥናት ጀምሮ ለዚህ ውድር 1.75 በዝቅተኛና በከፍተኛ ግሬድ መካከል እንደ ድንበር ይጠቀሳል፤ እንደ ማሽኑና እንደ ሶፍትዌሩ ስለሚለያይ እንደ ሕግ አይያዝ። ክቡ የኮርቴክስ ደም ሥር ላይ እንዳያርፍ ከኮንትራስት በኋላ በተነሳው ቲ1 ያረጋግጡ። ደምና ካልሲየምም ካርታውን ያበላሻሉ፤ ኤስደብልዩአይ (ደምንና ካልሲየምን የሚያሳይ ምስል) ሳይታይ ምንም አይወሰን።

አንድ ወጥመድ ልጥቀስ፦ ኦሊጎዴንድሮግሊዮማ በተፈጥሮው ቀጫጭን ደም ሥር የበዛበት ስለሆነ ግሬድ 2 ሆኖም ሊቀላ ይችላል። እንዲያም ሆኖ ትኩሱ ነጥብ ለመርፌው ጥሩ ዒላማ ነው፤ ግሬዱን ግን በዚህ ብቻ አይገምቱ።

ቀጥሎ ኤዲሲ (የውሃ እንቅስቃሴ ካርታ፤ ሕዋስ የታጨቀበት ቦታ ይጠቁራል)። ጠጣር ክፍሉ ውስጥ በጣም የጠቆረው ቦታ ከቀላው ጋር ከተገጣጠመ፣ ዒላማዎ እሱ ነው። ስፔክትሮስኮፒ (የዕጢውን ኬሚካሎች የሚለካው) ደግሞ ለማረጋገጫ እንጂ ለመምሪያ አይሆንም፤ የነጠላ ቮክሰል (የሚለካው ኩብ) ጎን ከ1.5 እስከ 2 ሴንቲሜትር ስለሚሆን ለመርፌ በጣም ሰፊ ነው። ከኮንትራስት በፊት፣ በቲኢ (የማስተጋቢያ ጊዜ) 135 ወይም 144 ሚሊሰከንድ ያንሱት፤ 3.2 ፒፒኤም ላይ ኮሊን (የሕዋስ ሽፋን ምልክት) ከፍ፣ 2.0 ላይ ኤንኤኤ (የነርቭ ሕዋስ ምልክት) ዝቅ ማለቱን ይዩ። ቮክሰሉ የራስ ቅል ስብ ከነካ 1.3 አካባቢ የሚወጣው ሊፒድ ኔክሮሲስ (የሞተ ሕብረ ሕዋስ) መስሎ ያሳስታል።

ቲ2 ላይ ወጥ ነጭ ሆኖ ፍሌየር ላይ ከጠርዙ በስተቀር የሚጠቁር ከሆነ፣ አይዲኤች የተባለው ጂን የተለወጠበት አስትሮሳይቶማ የመሆኑ ዕድል ከፍተኛ ነው። በኛ አገር ቱበርኩሎማም (የቲቢ እብጠት) ከሐሳብ አይውጣ፤ እሱ ግን አብዛኛውን ጊዜ ኮንትራስት ይወስዳል፣ ፐርፊዥኑም ዝቅ ይላል። ሊምፎማ ከጠረጠሩ ታካሚው አጣዳፊ አደጋ ላይ እስካልሆነ ድረስ ዴክሳሜታዞን ከናሙናው በፊት አይሰጥ፤ ዕጢው ይሟሟና ፓቶሎጂስቱ ባዶ እጁን ይቀራል።

ለቀዶ ሐኪሙ የሚሰጠው 1 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ባለ ሦስት አቅጣጫ ቲ1 ከኮንትራስት በኋላ፣ ተመሳሳይ ፍሌየር፣ እና በላያቸው የተገጠመ የፐርፊዥን ካርታ ነው። ብዙ ጊዜ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። ፐርፊዥኑ የሚነሳበት ፈጣን ዘዴ፣ ኢፒአይ ምስል፣ የፊት ሳይነስ አጠገብ ስለሚጣመም ትኩሱ ነጥብ በሚሊሜትሮች ሊሸሽ ይችላል፤ የቬንትሪክሉ (የፈሳሽ ክፍሉ) ጠርዝና ሰልከሶቹ (የአንጎል ገጽ ስርጉዶች) መግጠማቸውን በዓይንዎ ሳያዩ አይላኩት። መንገዱ ሰልከስና ቬንትሪክል አይቁረጥ፤ ፈሳሹ ከፈሰሰ አንጎሉ ይንቀሳቀሳል፣ ካርታውም ዋጋ ያጣል። ከተቻለ በአንዱ መንገድ ሁለት ቦታ ይነካ፦ ትኩሱ ነጥብና ፍሌየር ላይ ብቻ የሚታየው ጠርዝ። ናሙናዎቹ በየብልቃጣቸው «1 ትኩስ»፣ «2 ጠርዝ» ተብለው ይሂዱ። ስሚሩ (እዚያው በማይክሮስኮፕ የሚታየው ናሙና) ዕጢ መያዙን ሳያረጋግጥ ቁስሉ አይዘጋ።

ሪፖርቱ ላይ «ዝቅተኛ ግሬድ» ብለው አይጻፉ። ከ2021 የዓለም ጤና ድርጅት ምደባ ወዲህ፣ አይዲኤች ያልተለወጠበት የአዋቂ ዲፊዩዝ (የተሠራጨ) አስትሮሳይቶማ የቴርት ጂን ፕሮሞተር ለውጥ ወይም የኢጂኤፍአር ጂን መባዛት ከተገኘበት፣ በማይክሮስኮፕ የረጋ ቢመስልም ግሊዮብላስቶማ ግሬድ 4 ነው። ይህንን ኤምአርአይ አያነብም።

በገለጹት መሠረት እኔ የምመርጠው ያንን የቀላ የኋለኛ ክፍል ነው፤ ኤዲሲውም እዚያው ከወረደና ኤስደብልዩአይ ላይ ደም ወይም ካልሲየም ከሌለ። የታካሚውን ስምና የካርድ ቁጥር አጥፍተው የኤዲሲውንና የኤስደብልዩአዩን ምስሎች እዚህ ቢለጥፉልን አብረን እናየዋለን።